ክሊፕ ቁጥር አርባ፦ ፊቱ አምሮበታል

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ከሰላምታው በፊት አንድ ጥፋት አለብኝና በጽኑ ጸጸት እናዘዛለሁ፦ የአጎታችንን የሃያ ደቂቃ ንግግር ወደ ዘጠኝ ሰከንድ አሳጥሬዋለሁ። ዘጠኙም በዝቶበታል። አሁን ቀለል ብሎኛልና፣ ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ የጀርባ ሕመም ተወህ? ቁጭ ብለህ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ቆመህ ትጎርሳለህ? እኛማ ደህና ነን። ካላመንክ የምንልክልህን ቪዲዮ እይ፤ «ሁላችንም ደህና ነን» ስልሳ አንድ ጊዜ ተብሎበታል፤ ቆጥሬዋለሁ።

በእጄ የምጽፍልህ ናፍቆት ገድሎኝ እንዳይመስልህ። ስልኬን እማዬ እስከ ትምህርት ቤት ፈተናዬ ድረስ ወርሳዋለች። የቤቱን ስልክ ደግሞ አንተ ከሰው አገር በደወልክ ቁጥር ድምፁን ከፍ አድርገው ሳሎን መሃል ያስቀምጡታል። ስለዚህ ይህን ወረቀት ቪዲዮው ያለበትን ፍላሽ ለሚያመጣልህ ሰው አብሬ እሰጠዋለሁ።

ቪዲዮውን የቀረጸው አጎታችን ነው። ዕድሜውን ሙሉ መኪና የነዳ ሰው፣ ካሜራውም መሪ መስሎት ግራና ቀኝ ሲጠመዝዘው ያጥወለውላል። አውራ ጣቱ ከእማዬ የበለጠ ትታያለች። ብነግረው፣ አንቺ ሳትወለጂ ነው ካሜራ የያዝኩት አለኝ። ያኔም ጣት ነበረው ማለት ነው።

ሰማንያ ሦስት ክሊፕ ተጠራቀመ። ኮምፒውተሩ ላይ በየፎልደሩ ልለያቸው ስል፣ አባባ የለም፣ በመዝገብ ነው የሚያዘው ብለው ተነሡ። መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡት እሳቸው ናቸው እንጂ መዝገቡ አልወጣም። ትልቅ ደብተር አስምረው «ተራ ቁጥር»፣ «ጉዳዩ»፣ «ውሳኔ» ብለው ከፈሉት። እኔ ክሊፑን እከፍታለሁ፣ እሳቸው ከኋላዬ ተቀምጠው ይጽፋሉ፦ ይቀመጥ፣ ይሰረዝ፣ አንዳንዱን ደግሞ ለበላይ አካል ይቅረብ። የበላይ አካሉ ማን እንደሆነ ብጠይቅ እማዬን በአገጫቸው አሳዩኝ።

ከሰዓት በኋላ ሲያሸልቡ ደብተሩን ገለጥኩና ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ቁጥር አሥራ አራት «ዝናብ» ይላል፤ እማዬ ሽንኩርት ስትጠብስ ነው። ቁጥር ሃያ ሁለት «ሕዝቡ ሲያጨበጭብ» ይላል፤ እማዬ ምንጣፍ ስታራግፍ ነው። መስመሩም እንደ ሰካራም እየተንገዳገደ ወደ ታች ይወርዳል። እኚህ ሰው ስንቱን ፋይል አጥፍተው ይሆን እያልኩ ቁጥር ሰላሳ አንድ ላይ ደረስኩ፦ «ባዶ። ምንም የለውም። ይሰረዝ።»

ሰላሳ አንድም እማዬ ናት። የድሮ ሸሚዝህን ይዛ ካሜራው ፊት ቆማለች፤ ልትናገር አፏን ትከፍታለች፤ ቃል እምቢ ሲላት ዝም ብላ ኮሌታውን ታስተካክላለች። ድምፅ የለውም እንጂ ባዶ አይደለም።

ሳቄ እዚያ ላይ ቆመ። በነጋታው ሆን ብዬ ቁጥር አርባን ከፈትኩላቸው። አጎታችን ራሱን ሲቀርጽ ነው፤ ድምፁ ይሰማል፣ የሚታየው ግን ከዳር እስከ ዳር አውራ ጣት ብቻ ነው። አባባ ጻፉ፦ «የአጎት ሰላምታ። ፊቱ አምሮበታል። ይቀመጥ።»

አባባ አያዩም፣ ወንድም ጋሼ። የሚመዘግቡት በጆሯቸው ነው። ከደብተሩ ልባስ ውስጥ የሐኪም ቤት ካርድ አገኘሁ፤ የዓይን ሞራ ነው፣ ቶሎ ይገፈፍ ይላል። ቀጠሮው ካለፈ ሰባት ወር ሆኖታል። ለካ እማዬም ታውቃለች፤ አጎታችንም ያውቃል። አባባን ብጠይቃቸው፣ በሰው አገር ያለ ልጅ ክፉ አይነገረውም፣ ሥራውን ጥሎ ይመጣል አሉ። አንተ እንዳታስብ ተብሎ እሳቸው ደረጃውን በዳበሳ ይወርዳሉ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች መክረው መክረው የደረሱበት ጥበብ ይኸው ነው። እኔ ጉንፋን ስደብቅ ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ የሚተርቱብኝ እነዚሁ ናቸው።

እንዳልናገር አስምለውኛል። እኔም አንደበቴን ጠብቄ፣ ቪዲዮውን ልክ እንደ መዝገቡ አቀናበርኩት። ሽንኩርቱ ላይ «ዝናብ» ብዬ ጽፌበታለሁ፤ አውራ ጣትም ከነሙሉ ክብሯ ተቀምጣለች። ያመፅኩት በሰላሳ አንድ ብቻ ነው፤ መጨረሻው ላይ አስገብቼዋለሁ። አይተህ ስትጨርስ ደውልና አባባን ቁጥር አርባ ላይ ምን እንደሚታይ ጠይቃቸው። ስልኩ ሳሎን መሃል ነው፣ ሁሉም ይሰማል። ከዚያ ሐኪም ቤት እንዲሄዱ እዘዛቸው። ያንተን ቃል አይገፉም፤ እኔ ብናገር መልሱ፣ ለምላሴ ባወጡልኝ ስም፣ «ምላጭ፣ አፍሽን ያዢ» ነው። ሞራው ደግሞ እኛን አይጠብቅም።

እማዬ ግንባርህን ትስማለች። አጎታችን በአውራ ጣቱ ሰላም ይልሃል። ሚስትህን ሳምልኝ፤ ያንን ጥርስ ያላበቀለ ልጅህንም አገላብጠህ ሳምልኝ፣ እስካሁን ያልዋሸኝ ዘመድ እሱ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስደርስ አባባ ከበሩ «ምላጭ!» አሉ። ምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ፤ ላንተ ደብዳቤ ነው አልኳቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ አስጠጉት። ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው አዩት።

«ደህና መሆናችንን ጽፈሻል?»

«ከላይ አለ፣ አባባ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ነው። መዝግቢው፤ ይላክ።»

እነሆ መዘገብኩት። ቁጥር ሰማንያ አራት፣ ደብዳቤ። ውሳኔውን የሰጡት ራሳቸው ናቸው፦ ይላክ።

ከልብስ መተኮሻው ክፍል፣
ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን