አሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ስላለችው መኪናዬ

ታኅሣሥ 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሐረር፣ አቦከር

ለቀጠና ሁለት የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

በደብዳቤዎ ግርጌ ያረፈው ማኅተም ስምዎን ስለሸፈነብኝ፣ በስምዎ ልጠራዎ ባለመቻሌ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጤናዎ እንደምን አለ? ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መዋል የወገብ ጠላት ነው ሲሉ ስለምሰማ በተለይ ለወገብዎ ጤናን እለምናለሁ። ቤተሰብዎም፣ የሥራ ባልደረቦችዎም፣ ሦስት ቀን ተመላልሼ ሦስቱንም ቀን ዝግ ሆኖ ያገኘሁት መስኮትዎም ሰላም ይሁኑ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ደኅና እንኳ አይደለሁም፣ ነገር ግን ደብዳቤ የሚጀመረው እንዲህ ተብሎ ነው።

ዘውዴ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው። ሠላሳ ዓመት በጦሩ ጋራዥ በመካኒክነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ በአንዲት አሮጌ ሰማያዊ ፒካፕ ላይ በእጅ የሚዞር ማንሻ በይጄ፣ በከተማችንና በዙሪያዋ መንገድ ላይ የቀሩ መኪናዎችን የፊት ጎማቸውን እያነሣሁ ወደ ጋራዥ እጎትታለሁ። በሐረር ያረጀ ታክሲ የነዳ ሁሉ ያውቀኛል። እርስዎ አዲስ መኪና ስለሚነዱ እስከ ዛሬ ሳንተዋወቅ ቀርተናል።

ኅዳር 8 ቀን የጻፉልኝ ደብዳቤ መኪናዬ “ለውበት ሲባል” ከፋብሪካ ቁመቷ በአሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ዝቅ መደረጓን፣ በዚህም ምክንያት ለጉተታ አደገኛ መሆኗን፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ወደ ቀድሞ ቁመቷ ካልተመለሰችም የዓመቱን ቦሎ እንደማታገኝ ይገልጻል። ስለ ደብዳቤው ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ “ለውበት ሲባል” ስላሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ከሠርጌ ቀን ወዲህ በውበት የጠረጠረኝ ሰው አልነበረም። ደብዳቤዎን ሳነብ ጺሜን ከተላጨሁ ሳምንት አልፎኝ ስለነበር መስተዋት ፊት ሄጄ ቆምኩ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ያየውን ነገር ለማየት ብዙ ደከምኩ፣ አልሆነልኝም። መኪናቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሙዚቃ ከፍተው፣ በከተማው የሚሽከረከሩ ወጣቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ከእነሱ ጋር ስለደመሩኝ ዕድሜዬን ሃምሳ ዓመት ቀንሰውልኛል፤ ይህን ሐኪምም አላደረገልኝም።

ሁለተኛ፤ መኪናዬን የመረመሩልኝ ወጣቱ አቶ አሚን እጅግ ትሑት ሰው ናቸው፤ ያሳደጋቸው ይባረክ። በሜትር ከመሬት እስከ ጎማው ቅስት ሦስት ጊዜ ለኩ። ፍሬኗን አልረገጡም፣ ማንሻውን አልነኩም፣ ከሥሯም ጎንበስ ብለው አላዩም። እኔ ከሥሯ ገብቼ ላስረዳቸው ቱታዬን አጥቤና ተኩሼ ለብሼ ነበር የሄድኩት። “አባባ፣ እኔ የታዘዝኩት ቁመቷን ነው” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ የታዘዘውን የሚሠራ ሰው አይወቀስም። ቱታዬም ንጹሕ እንደሆነ ወደ ቤት ተመለሰ።

እርሳቸው ያላዩትን እርስዎ እንዲያዩልኝ በአጭሩ ልጻፍ። መኪና ዝቅ የሚያደርግ ሰው ብዙውን ጊዜ ጭነት ከሚሸከመው ባሌስትራ ላይ ሁለት ሦስት ቅጠል ብረት ያወጣል። እንዲህ የተደረገች መኪና ጭነት ሲጫንባት ኋላዋ መሬት ይጠጋል፣ ፊቷ ይቀላል፣ መሪዋም አይታዘዝም። ይህን አድርጎ የሚጎትት ሰው ቦሎውን ብቻ ሳይሆን መፍቻውንም ሊነጠቅ ይገባል፤ በዚህ ከእርስዎ ጋር አንድ ነን። እኔ ግን ከባሌስትራዬ አንዲት ቅጠል አላወጣሁም። ጎማዎቹን ከሚያያይዘው አክስል በላይ የነበረውን ባሌስትራ እንዳለ ከአክስሉ በታች አሰርኩት፤ ቁመቷ ወረደ፣ ጉልበቷ ግን አልተነካም። አክስሉ ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ አጽም፣ ጋር እንዳይጋጭ ሻንሲውን ቆርጬ ቦታ ሰጠሁት፣ የተቆረጠውንም በወፍራም ብረት ደግፌ በየድኩት። ሁለት ረዳት ቅጠል ጨመርኩ፤ ጭነትን እየለካ የኋላውን ፍሬን የሚመጥነው መቆጣጠሪያም ዝቅ ማለቷን አይቶ ጭነት አለ ብሎ እንዳይሳሳት እንደገና አስተካከልኩት፤ ማንሻውንም መኪናዋ በወረደችው ልክ አሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ በየድኩት። በድሬዳዋ ዳገት ስጎትት ከማንሻዬ ያመለጠ አንድም መኪና የለም።

ሦስተኛ፤ ይህች መኪና ዝቅ ካለች ስድስት ዓመቷ ነው። ስድስቱንም ዓመት በዚሁ ጽሕፈት ቤት እየቀረበች ቦሎ ተለጥፎላታል፤ ስድስቱም ቦሎዎች በእጄ አሉ። ከዚህ የምረዳው እስከ ዘንድሮ ድረስ የሁላችንም ዓይን ታሞ እንደነበረ ነው። እንኳን ዳነልዎ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ግን መኪናዋን ለምን ዝቅ እንዳደረግኋት ሳልነግርዎ ቁጥር ማብዛቱ ትርጉም የለውም።

ባለቤቴ ሙሉነሽ ትባል ነበር። በ2012 ዓ.ም. ዳሌዬን አመመኝ፣ ወደ ጋቢናው መውጣት አቃተኝ አለችኝ። በርጩማ አቀረብኩላት፣ እምቢ አለች። መርገጫ በየድኩላት፣ እሱም ከፍ አለብኝ አለች። ደግፌ ላውጣሽ ስላት “እኔ እንደ እህል ጆንያ አልጫንም፤ መኪናህ ከእኛ ዕድሜ ጋር ካልተስማማች አስተካክላት፤ አለዚያ እኔ ቤት እቀራለሁ” አለች። እኔ ደግሞ እሷ ቤት ቀርታ ብቻዬን መንዳት አልወድም ነበር። አሥራ አንድ ቀን ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ ዋልኩ። ስጨርስ በሩን ከፈተች፣ ቁጭ አለች፣ “አሁን መኪና ሆነች” አለች፤ ሌላ ምስጋና አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲህ የትም ስጠራ አብራኝ ትሄድ ነበር። እኔ መሪውን፣ እሷ መሐሉን፣ መኪናው የተበላሸበት ሰው የበሩን ጥግ እንይዛለን። ሰውየውን አገሩን ትጠይቀዋለች፣ ልጆቹን ትጠይቀዋለች፣ እናቱ በሕይወት መኖራቸውን ትጠይቀዋለች። ጋራዥ ስንደርስ ሞተሩ ባይድን እንኳ ባለቤቱ ድኖ ይወርድ ነበር። ባለፈው ግንቦት ሞተችብኝ።

ልጃችን ልደት ሐዋሳ ናት፤ እሑድ እሑድ ትደውላለች፣ አታጓድልም። ሌላውን ቀን ድምፄን የምሰማው ስልክ ተደውሎ “የት ጋ ነው የቆምከው?” ብዬ ስጠይቅ ብቻ ነው። አሁን አጠገቤ የሚቀመጠው መኪናው የተበላሸበት ሰው ነው፣ ሌላ የለም። ስለዚህ አንድ ጥፋት ልናዘዝልዎ፤ ከባቢሌ መንገድ እስከ ጋራዡ ሃያ ደቂቃ የሚፈጀውን እኔ አርባ ደቂቃ አደርገዋለሁ። ጭነቱ ከብዶ ነው እላለሁ፣ አልከበደም። ሙክታር የሚባል ባለ ታክሲ አለ፤ መኪናው በወር አንድ ጊዜ ሳትቆምበት አትቀርም፤ ስለ ሁሉም ነገር ይጨዋወተኛል። መኪናው አንድ ቀን ተሽሏት ሳይጠራኝ እንዳይቀር እሰጋለሁ። ይህም በመመሪያው የሚያስጠይቅ ከሆነ በሚቀጥለው ደብዳቤዎ ያካቱልኝ።

እንግዲህ ቦሎ ከሌለ መንገድ የለም፣ መንገድ ከሌለ የሚያናግረኝ ሰው የለም። በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውኃም ይቆማል እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝና ትእዛዝዎን ፈጸምኩ። ካለፈው ቅዳሜ እስከ ሰኞ ማታ፣ ሦስት ቀን፣ ብቻዬን ባሌስትራውን ፈትቼ ወደ ቀድሞ ቦታው መለስኩት። ለሙሉነሽ ያወረድኩትን መልሼ ስሰቅል አለቀስኩ፤ ይህን ለመጻፍ አላፍርም፣ ያየኝም አልነበረም። ማንሻው አሁን ከሚገባው በላይ ከፍ ብሏል፣ እንደገና ካልተበየደ መጎተት አደጋ ነው፤ ነገር ግን በሜትር ሲለኳት እንከን አያገኙባትም።

ማክሰኞ ጠዋት ሙክታር ደወለ። መኪናው መንገድ ላይ ቆማበታለች። ማንሻውን እዚያው ለጊዜው በሰንሰለት ዝቅ አድርጌ አስረዋለሁ ብዬ ቁልፌን አነሣሁ። የጋቢናውን በር ከፍቼ ግራ እግሬን መርገጫው ላይ አደረግኩና ሰውነቴን ሳብ አደረግሁ። ጉልበቴ አልተዘረጋም። እንደገና ሞከርኩ፤ መሪውን ይዤ ሞከርኩ፤ በሦስተኛው በጀርባዬ ልወድቅ ስል በሩ ያዘኝ። ክቡር ሆይ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ወደዚያ ከፍታ ወጥቼ አላውቅም ነበርና፣ ጉልበቴ መቼ እንደከዳኝ አላወቅሁም።

ጎረቤታችን ወይዘሮ ሱመያ ከደጃቸው ሆነው ያዩኝ ነበር። ቀስ ብለው መጡና በሩን ያዙልኝ። “ጋሽ ዘውዴ፣ ሙሉነሽ ሳትነግርዎት ነው የሞተችው?” አሉኝ። ምኑን ስላቸው ነገሩኝ። ያኔ መኪናዋን ሳላወርድ ሙሉነሽ ለእሳቸው “ወደ መኪናው ሲወጣ በሩን ይዞ ሲያቃስት እሰማዋለሁ። ጉልበትህ ደክሟል ብለው ይቆጣል እንጂ አይሰማኝም፤ ለእኔ ከሆነ ግን ብረት ይቆርጣል” ብላቸው ነበር። ዳሌዋስ አልኳቸው። “ወላሂ ዳሌዋ ደኅና ነበር። ጊደር መጋላ ገበያ ወርደን ስንመለስ ከኋላ የምቀረው እኔ ነበርኩ” አሉኝ።

እኔ የማንንም ሞተር ድምፁን ሰምቼ ሕመሙን የምናገር ሰው ነኝ። የራሴን ማቃሰት አልሰማሁም፤ እሷ ሰማችልኝ። እስክትሞት ድረስ የሌላትን ሕመም እያነከሰች ከጎኔ ተቀመጠች፤ እኔም ስድስት ዓመት ሙሉ ለእሷ ውለታ የዋልኩ እየመሰለኝ ኮራሁ። ዛሬ ያንን ልነግራት ብፈልግ የት ብዬ እሄዳለሁ? ሙክታርን በዚያ ቀን ሌላ ሰው በገመድ ጎተተው። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።

ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎን እንኳን ደስ አለዎት እላለሁ፤ መኪናዋ ከደረጃው ደርሳለች፣ ከደረጃ በታች የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ጎንበስ ብሎ ከሥሯ የሚያይ አንድ ባለሙያ ይመድቡልኝ፤ ባሌስትራው ቢመለስም የሻንሲው ድጋፍና ረዳት ቅጠሎቹ እዚያው አሉና እነሱን አይቶ ይፍረድ፤ ከፈረደልኝ መኪናዋን ወደነበረችበት ዝቅታ እንድመልሳት በጽሑፍ ይፍቀዱልኝ። ካልፈረደልኝም ቢያንስ አንድ ሰው አየልኝ ማለት ነው።

ለአሥራ አራት ሳንቲ ሜትር ስላደረጉት ትጋት፣ ለሰባ አንድ ዓመት ሰው ስላዩለት ውበት፣ ለዝጉ መስኮትዎና ለግልጹ ማኅተምዎ በታላቅ አክብሮት እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎ እንዳይጎረብጥዎ፣ ደረጃ ሲወጡም እግርዎ እንዳይከዳዎ የምመኝልዎ፤

የሰማያዊዋ ፒካፕ ባለንብረት
ዘውዴ (ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው ሁሉ፣ የሚመለከተው ከተገኘ
ለወይዘሮ ሙሉነሽ፣ ባለችበት

ማሳሰቢያ፦ የሰጡኝ ቀነ ገደብ ረቡዕ ታኅሣሥ 8 ቀን ያበቃል። መኪናዋ በትእዛዝዎ መሠረት ከፍ ብላ ግቢዬ ውስጥ ቆማለች፤ እኔ ግን ልወጣባት ስላልቻልኩ ለምርመራ ላቀርባት አልቻልኩም። አስጎትተው ሊያስወስዷት ካሰቡም እንዳይደክሙ፤ በከተማው ያለችው ማንሻ ያላት ጎታች እሷው ናት። በመሆኑም መንጃ ፈቃድ ያለው አንድ ሠራተኛ ይላኩልኝ። ቁልፉን ይዤ ከጠዋት ጀምሮ በሩ ላይ እጠብቀዋለሁ። እኔንም ደግፎ አጠገቡ ካወጣኝ ጽሕፈት ቤትዎ ድረስ መንገዱን አሳየዋለሁ፤ የማሳየው ረጅሙን መንገድ ነውና እንዳይቸኩል ይንገሩልኝ።