የሁለት ጎማ ስፋት

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

መንገዱ የለም። ባለፈው ሚያዝያ የወጣንበት፣ ስልኬ ላይ በሰማያዊ መስመር የተቀመጠው መንገድ ሽምብራ ሆኗል።

ከሥሩ ልጻፈው፤ አለዚያ ንዴቱ አያስተኛኝም። እኔና ባሌ ተስፋዬ በበጋ፣ ቅዳሜና እሑድ ሲሆን፣ አሮጌዋን ላንድክሩዘር አስነስተን መኪና የማይደፍረውን ተራራ እየፈለግን እንዞራለን። ባሕር ዳር፣ የፋሲሎ ሰፈር ጎረቤቶቻችን ጤናችንን ይጠራጠራሉ። ሚያዝያ ላይ ከእንፍራንዝ በላይ ካለው ቀጨሞ በር፣ አባቴ አባባ ደጃፍ ድረስ ደርሰን ነበር። ከእኛ በፊት በመኪና እዚያ የወጣ የለም እያልሁ የምሠራበት ፋብሪካ ውስጥ ጉራ ያልነዛሁበት ክፍል የለም።

አሁን ነገሩ የጉራ አይደለም። የአባባ አንድ ዓይን ድሮ ጠፍቷል፤ በደህናው ላይ ደግሞ ሞራ ወርዶበታል። ባለፈው ወር ደጃቸውን ስተው ገደሉ አፋፍ ላይ ተገኙ። ያየቻቸው ነርስ፣ ሞራው ቶሎ ካልወጣ ዓይኑ ራሱ ይበላሻል ብላለች። ባሕር ዳር ቀጠሮ ያገኘሁላቸው ለፊታችን ሰኞ ነው። እሱ ካለፈ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ በቅሎ ላይ መቀመጥ አይችሉም። በቃሬዛ እንዳይሆን፣ እናቴን በቃሬዛ አውርደናት ሬሳዋን በዚያው ቃሬዛ ነው የመለስነው። “እኔ የምወርደው ተቀምጬ ነው” ብለዋል፤ እሳቸው አንዴ ካሉ አሉ ነው።

ዛሬ ፈቃድ ወስጄ መንገዱን ልናይ ሄድን። ከአስፋልቱ ወርደን ትንሽ እንደሄድን ተስፋዬ ቁሚ፣ ቁሚ ይለኛል፤ እኔ ስልኩን እያየሁ መስመሩ በዚህ ነው እላለሁ። የማሳውን ጥግ ገባሁበት። የገበሬ ልጅ ነኝ እኮ! በጋ በጋ መንገድ የሚሆነው ሜዳ ክረምት ሲወጣ ታርሶ ሽምብራ እንደሚዘራበት ከማንም በላይ አውቃለሁ። ስልክ አምኜ እህል ረገጥሁ።

ባለማሳዋ ወይዘሮ ጥሩነሽ የሚባሉ ሴት ናቸው። ዱላቸውን ይዘው መጡ፤ አልጮሁም። “ልጄ፣ ይኼ መንገድ የሚሆነው ከታጨደ ወዲያ ነው” አሉና ጎንበስ ብለው የተጋደመውን ያቃኑ ጀመር። ይቅርታ ብል ቀና ብለው አላዩኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

በወንዙ በኩል ሞከርን። የያዝነው፦ አካፋ፣ ገመድ፣ ክሪክ፣ ሁለት ወፍራም ሳንቃ፣ ስኮርታ ጎማ፣ ዳቦ። ያልያዝነው፦ ማስተዋል።

ውኃው ጎድሏል፣ ድንጋዩ ግን የትም አልሄደም። ተስፋዬ ሱሪውን ሰብስቦ ከፊቴ እየሄደ በእጁ ግራ፣ ቀኝ ይለኛል። ጥሩ እየሄድን ነበር። ከዚያ የኋላ ጎማ ጭቃ ውስጥ ገባች፤ ሳንቃውን ብናነጥፍላት ሳንቃውንም ይዛው ገባች። በመጨረሻ አንድ ገበሬ በሬዎቹን አምጥቶ ጎትቶ አወጣን። በሬዎቹ ሲስቡን ተስፋዬ የማያውቀን ሰው ይመስል ራቅ ብሎ ቆመ። ጥቂት ከፍ ብለን ደግሞ ክረምት የተናደ ገደል ሸለቆውን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶታል። አለቀ፤ በዚህ በኩል የለም።

ማታ ለአባባ ደወልሁ። ማሳው የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። እንዲያሳልፉሽ ጠይቀሻቸዋል ወይ አሉኝ። ረግጬባቸው ምን ፊት አለኝ አልሁ።

“እንግዲያ የሚኬደው ለዚህ አይደለም? ሁለት ሽማግሌ ያዢ። ተቀመጡ ቢሏችሁ እሺ እስኪሉ ድረስ እንዳትቀመጡ።” ደግሞ መለስ ብለው፣ “እንቢ ካሉም ተይው። ያየሁት ይበቃኛል” አሉ።

“አይበቃዎትም፣ አባባ” አልሁና ስልኩን ዘጋሁ። ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስሁ። አልቅሼ ስጨርስ የባሰ እልህ ያዘኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ቆምን። ከዚያው መንደር ሁለት ሽማግሌ ለምነን፣ አራት ሆነን ወይዘሮ ጥሩነሽ ግቢ ፀሐይ ላይ ቆምን። በርጩማ አወጡልን፤ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ ሽማግሌዎቹ። ሐዋሳ ያደገው ተስፋዬ ሊቀመጥ ሲል ክንዱን ያዝሁት።

ጥፋቴን ራሴ ተናገርሁ። ስለ አባባ ዓይንም፣ ስለ ገደሉም፣ ስለ ቃሬዛውም አልደበቅሁም። ሴትዮዋ ቤት ገቡ። ቆዩ። እንቢ ብለው ነው ብዬ ተስፋ ስቆርጥ ማጭድ ይዘው ወጡ።

“ቁሞ ያለ እህል አይረገጥም” አሉ። “ተነስቶ ከሆነ ግን መሬት ነው። እሸት ደርሷል። ነገ ቅዳሜ፣ ሰንበት ነው፤ ዛሬ ካልተነሳ አይነሳም።”

ያኔ ተቀመጥን።

መኪናዋ ዘንድ ሄደው የጎማውን ስፋት በዱላቸው ለኩ። ከዚያ ከጎማ እስከ ጎማ ያለውን ለኩ። ጎንበስ ብለውም ሆዷን አዩ፣ ከፍ ያለ መሆኑን። በማሳው ላይ ሁለት መስመር አሳዩን፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ከጎማው እጅግም የማይሰፋ። ሁሉንም ብናነሳው አይሻልም ወይ አልኋቸው፣ ነጂዋ እኔ ነኝና ፈርቼ።

“የመሃሉ ምን በደለ?” አሉኝ።

እስኪመሽ አጨድን፣ ነቀልን። ጎረቤትም መጣ። የሽምብራ ቅጠል ላቡ ኮምጣጣ ነው፤ ልጅ ሳለሁ ምንም አይለኝም ነበር፣ አሁን የላቦራቶሪ ጓንት የለመደ እጄን ላጠው። ተስፋዬ ከሚነቅለው የሚበላው ይበልጣል። እሸቱ የሳቸው ነው፣ ክምር ሆኖ ደጃቸው ገባ። እንዲህ ተቆርጦ በረሃብ ጊዜ እንኳ አላየሁም አለ አንዱ ሽማግሌ፣ ወደ ሁለቱ መስመር እያየ እየሳቀ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

አለፍን! በአንደኛ ማርሽ፣ ጭንቅላቴን በመስኮት አውጥቼ። ወይዘሮ ጥሩነሽ በነጠላቸው ታጥቀው ከፊት ከፊቴ ኋሊት ይሄዳሉ፤ እኔ ጎማውን አያለሁ፣ እሳቸው የኔን ፊት ያያሉ። የመሃሉ ሽምብራ ሆዷን እየዳበሰ ሲያልፍ ይሰማኛል። አንድም አልሰበርሁም። መመለሱም በዚችው ነው አሉኝ።

ተራራውን ክረምት አልማረውም። አንድ ቦታ ጎርፍ መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል፤ ድንጋይ ለቅመን ሞላነው። ዋናው ግን ገደሉ ጥግ ያለው መታጠፊያ ነው። አንዴ አይታጠፍም፤ ጥቂት ወደ ፊት፣ ጥቂት ወደ ኋላ፣ እንደገና። የውጭዋ ጎማ ግማሿ አየር ላይ ናት። ተስፋዬ “ነይ” ይላል፣ ድምፁ ግን አትምጪ የሚል ነው። ፍሪሲዮኑ ተቃጥሎ ሸተተ። እግሬ ፍሬን ላይ ደርቆ ቀረ። ውረጂ፣ ሌላ ቀን፣ የሚል ነገር ሆዴ ውስጥ ነበር፤ ሌላ ቀን ግን የለም። ነዳሁ።

አባባ ጫማቸውን አድርገው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ደጃፍ ተቀምጠው ጠበቁን። ከጠዋት ጀምሮ እንደዚያ ናቸው አሉኝ ጎረቤቶች። የመኪናዋን ግንባር በእጃቸው ዳበሱና፣ “ግላለች፣ ውኃ ስጧት” አሉ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 12

መውረድ ከመውጣት ይከፋል። አባባ ከፊት ተቀምጠው መያዣውን ጨብጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ። መታጠፊያው ላይ ስደርስ ጸሎቱን አቆሙ፤ ሳልፈው ቀጠሉ። ማየት ሳይችሉ እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅሁም።

ማሳው አፍ ላይ አቁሚልኝ አሉ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከቤተ ክርስቲያን ገና መመለሳቸው ነው። አባባ በመስኮት እጃቸውን ዘረጉ፣ ተሳሳሙ። ብዙ አላወሩም። ሴትዮዋ እሸቱን በእቅፍ አምጥተው አባባ ጭን ላይ አስቀመጡላቸው፣ “እያዩ ይብሉት” አሏቸው። ከዚያ እንደ ትናንቱ ከፊታችን ኋሊት መሩን። ዳር ስደርስ አንዲት ዘለላ ጎበጥ ማለቷን በመስታወት አየሁ። እሳቸውም አዩ። ጎንበስ ብለው አቀኗት፣ እጃቸውን አውለበለቡልን።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 13

ገቡ። ወጡ። የአባባ ሞራ ወጥቶ ዓይናቸው ታሽጓል፣ እስከ ነገ።

ሐኪሙ ሞራው በጣም ደርቆ ነበር ከማለት ሌላ ምንም አላለኝም። ምን ማለት ነው? ይታያቸዋል ማለት ነው? ለምን ዘግይቶ መጣ ማለት ነው? ተስፋዬ ደህና ነው ይለኛል፤ እሱ ለፍሪሲዮኑም ደህና ነው ብሎ ነበር።

ቤታችን ሳሎን ተኝተዋል። እሸቱን አይነኩም። ነገ፣ አሉ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ተፈታ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ገለጡ። በመስኮቱ በኩል ወዳለው ዘንባባ ዞሩ። ሐኪሙ ስንት ጣት ነው ሲላቸው መለሱለት፣ እንደ መሰልቸት እያደረጋቸው። ተስፋዬን አዩትና ወፍረሃል አሉት።

እኔ የዓይን ጠብታውን ከሐኪሙ ልቀበል እጄን ስዘረጋ አባባ ያዙኝ።

“እጅሽን ምን ላጠው?”

ሽምብራ ነው አልኋቸው። እንግዲያ የምመለሰው ማሳው ከታጨደ በኋላ ነው፣ እስከዚያ እዚሁ እከርማለሁ አሉ። ደስ ብሎኝ ላቅፋቸው ስል እጄ ትዝ አለኝ፤ ወደ ነጠላዬ ሥር ሸሸግሁት።

“አትደብቂው” አሉ። “ልየው።”