ለመዶሻ ፈጣሪና ገዳይ

«መዶሻ የፍሬኑን ፔዳል ረገጠች። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ወረደ እንጂ መኪናው አልሰማትም። የቀድሞ ባሏ የአየር ቱቦውን በቢላ ቆርጦት ነበር። ሲሚንቶ የጫነው መኪና ቁልቁለቱን እየዘለለ ወረደ። የድልድዩ ግንብ ሲቀበላት የፊት መስታወቱ ፊቷ ላይ ተበተነ፤ መሪው ደረቷን ሰብሮ ገባ፤ ጭነቱ ከኋላ መጥቶ ከነመቀመጫዋ ደፈጠጣት። በተገነጠለው በር ሥር ደሟ ከናፍጣው ጋር ተቀላቅሎ ፈሰሰ። ሕይወት እንዲህ ናት።»

(ከአምስተኛው ቅጽ የመጨረሻ ገጽ ቃል በቃል የተገለበጠ።)

ለተከበሩ ደራሲ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ይህ ደብዳቤ ደረትዎ ሳይሰበር፣ ፊትዎ ሳይቧጨር፣ ወንበርዎ ላይ ተደላድለው እንደተቀመጡ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። እርስዎ ለሰው የነፈጉትን ጤና እኔ ለእርስዎ ስመኝ ትንሽ ቅር እንደሚለኝ ግን አልደብቅዎትም።

እኔ በዩኒቨርሲቲ ሜካኒካል ምህንድስና የተማርኩ፣ ሃምሳን የተሻገርኩ፣ በከባድ መኪና ጋራዥ ውስጥ የፍሬን ክፍል ኃላፊ ሆኜ የምሠራ አንባቢዎ ነኝ። መጻሕፍትዎን ያላነበበ ሰው ይህን ደብዳቤ ቢያገኝ እንዳይቸገር ሟቿን ላስተዋውቅ። መዶሻ በአምስቱም ቅጾች ውስጥ የጭነት መኪና የምትነዳ ሴት ነበረች። ቅጽል ስሟን ያገኘችው ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት መኪናዋን እየዞረች ጎማዎቹን በትንሽ መዶሻ ስለምታንኳኳ ነው። ሙሉ ጎማ ሲመታ ጥርት ብሎ ይመልሳል፤ የጎደለው ደንቆሮ ድምፅ ይሰጣል። ይህን በትክክል ስለጻፉ በጊዜው አመስግኜዎት ነበር። ምስጋናዬን አሁን መልሼ እወስዳለሁ፤ ቅሬታዎቼንም በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ግድያዎ አይሠራም።

በትሕትና ላስረዳዎ። የአየር ፍሬን ያለው ከባድ መኪና የኋላ ጎማዎቹን አንቆ የሚይዝ ኃይለኛ ሞላ አለው። ሞላውን ገፍቶ ጎማውን የሚያስለቅቀው አየሩ ነው። ቱቦው ሲቆረጥ አየሩ ይወጣል፤ አየሩ ሲወጣ ሞላው ይዘረጋና ጎማውን ጨምድዶ ይይዛል። ስለዚህ ያ የተረገመ ባል ቱቦውን በቆረጠበት ቅጽበት መኪናው ከቆመበት ንቅንቅ ማለት አልነበረበትም። እርስዎ፣ ክቡር ሆይ፣ ሴትዮዋን የገደሏት መኪና በሚያቆም ነገር ነው። ይህ ሰውን በላዩ ላይ በር ቆልፌ ከቤት አባረርኩት እንደ ማለት ነው።

መግደሉን ከቆረጡ መጥተው ቢጠይቁኝ በአክብሮት አስተናግድዎ ነበር። የጫነ መኪና ረጅም ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ሳይሆን በፍሬን ብቻ ሲወርድ ፍሬኑ ይግላል፣ ይጨሳል፣ በመጨረሻም መያዝ ያቆማል። ከዚያ ወዲያ ግንቡ የራሱን ሥራ ይሠራል። እንዲህ ያሉ መኪናዎች ተጎትተው እኛ ጋ ይመጣሉ። እኔ በዚህ እጄ ከዳሽቦርድ ላይ የተተከለ የሰው ጥርስ በጉጠት ነቅያለሁ። የራስ ቆዳ ከነፀጉሩ የቀረበት ጣሪያ በውኃ ቱቦ ሳጥብ ውዬ ምሳዬን ሳልነካው ወደ ቤቴ ሄጃለሁ። እርስዎ በአንድ አንቀጽ የጨረሱትን ነገር እኛ በብሩሽ ፍቀን አንጨርሰውም።

ሁለተኛ፦ ያቺ ሴት በሁለተኛው ቅጽ ትኩሳት ይዟት እየተንቀጠቀጠች እንኳ ከፍሬኑ አየር ታንክ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ ሳታስወጣ ሞተር አስነስታ አታውቅም። በሦስተኛው ቅጽ ለልጇ ሰርግ ዘግይታ ሳለ ጎማ ስታንኳኳ ሙሽራዋ ልጇ መኪናው ሥር ገብታ እግሯን ይዛ ጎትታታለች። በአምስተኛው ግን «ቸኩላ ስለነበር ሳታይ ወጣች» ብለው በአንድ መስመር ገላገሏት። አራት ቅጽ ሙሉ ያሳደጉትን ጠባይ በአንድ መስመር ማረድ መቻልዎ የሚደነቅ የእጅ ፍጥነት ነው። እንዲህ ዓይነት እጅ ለሥጋ ቤትም ይፈለጋል።

ሦስተኛ፦ በጋራዣችን ላይ ስለደረሰው ጉዳት።

እኛ ዘንድ ምሳ ሰዓት ላይ ሞተር በሌለው አሮጌ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠን መጽሐፍ ማንበብ የቆየ ልማድ ነው። የሚያነብልን ብረት በያጁ ነው፤ ድምፁ ወፍራም ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ያነባል። ያን ገጽ ጨርሶ መጽሐፉን ዘጋ። ከዚያ ጎሚስታው፣ ጎማ ሲገጥምና ሲፈታ ዕድሜውን የፈጀ ትልቅ ሰው፣ «በቃ? ሞተች?» አለ። በያጁ «ሞተች» አለው። ኤሌክትሪሺያኑ ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ «ራሷ ናት ያጠፋችው፣ ማን ሳታዪ ውጪ አላት» ሲል ጎሚስታው ዞሮ «ስለ ሙት ክፉ አትናገር!» ብሎ በያዘው የጎማ መፍቻ አገጩን አለው። ኤሌክትሪሺያኑ ሁለት ጥርሱን ተፋ። ከዚያ ማን ማንን እንደመታ አላውቅም፤ እኔ ለመገላገል ስገባ አንድ ሰው በክርን አፍንጫዬን ከፈተልኝ፤ ሸሚዜ በደም ራሰ፤ ያ ሰው እስከ ዛሬ ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔም ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ጠቡ ሲበርድ የአምስተኛው ቅጽ የጋራዡ ቅጂ ለፍርድ ቀረበ። በያጁ «ይቃጠል» አለ። ሞተሪስታው «በመሰርሰሪያ ይበሳ» አለ። በመጨረሻ ዘንግ በግፊት የምናወጣበት መጭመቂያ፣ ፕሬስ የምንለው፣ ሥር አስቀመጡትና ጎሚስታው ራሱ እጀታውን እየገፋ ጨፈለቀው። የመጽሐፉ ጀርባ ሲሰነጠቅ የሰው ጎድን የተሰበረ ነው የሚመስለው። ጎሚስታው ፊቱን አዙሮ በክንዱ ጠረገ። «ላብ ነው» አለ። ማንም ላብ ነው ወይ ብሎ አልጠየቀውም ነበር።

አራተኛ፦ «ሕይወት እንዲህ ናት» ስላሉት። አይደለችም። ሕይወት እንዲህ ብትሆን ኖሮ መጀመሪያ የፍሬኑን አሠራር ይጠይቁ ነበር።

አምስተኛውና ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ እንዳወጣ ያስገደደኝ ጉዳይ የእህቴ ነው።

ታላቅ እህቴ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበረች። አንድ የጭነት መኪና መስመሩን ስቶ ፊት ለፊት ገባባት። ተሳፋሪዎቿን ሁሉ አተረፈች፤ የራሷን ቀኝ እግር ግን ከጉልበቷ በታች ከፔዳሉ ጋር ጨፍልቆባት በመጋዝ ቆርጠው አወጧት። ሰው ሠራሽ እግር ተሠራላት። ቤት እየመጣ የሚያያት ሐኪም በየቀኑ ካልተራመደች ዳሌዋ ደርቆ እንደሚቀር ነገራት። እርሷ ሰው ሠራሹን እግር አንስታ ወደ ሐኪሙ ወረወረች፤ እርሱን ስታ የሳሎናችንን መስታወት አደቀቀች። ከዚያ አልጋዋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች።

ከአልጋ ያስነሳኋት በእርስዎ መጽሐፍ ነው። በሦስተኛው ቅጽ መዶሻ መኪናዋ ተገልብጦ ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ በክርኖቿ እየተሳበች ጋቢናው ላይ የምትወጣበትን ምዕራፍ አነበብኩላት። ሳነብ ግድግዳውን ትታ ዞረች። ስጨርስ «ያ እግር የት ነው ያለው?» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምምነት አለን፦ እኔ በኮሪደሩ ላይ የኋሊት እየሄድኩ አነባለሁ፣ እርሷ በሁለት ክራንች እየተከተለችኝ ትሰማለች። እስካነበብኩ ድረስ ትራመዳለች። ትንፋሽ ለመውሰድ ካቆምኩ ላቧ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ «አንብብ እንጂ ማሙሽ፣ ቆሜ ልቅርልህ?» ትለኛለች። አዎን፣ ይህን የሚያህል ሰውዬ ማሙሽ ትለኛለች፤ ይህም ከእንግዲህ የሕዝብ ምስጢር ነው።

ያን ገጽ አላነበብኩላትም። ጋራዥ ውስጥ ስለሰማሁት፣ ቤት ያለውን ቅጂ ሳነብላት እዚያ ቦታ ስደርስ ገጹን ገልጬ ከራሴ ፈጥሬ ማውራት ጀመርኩ። በእኔ ታሪክ ባልየው ቱቦውን ሲቆርጥ መኪናው እንደ ሥርዓቱ ተገትሮ ይቀራል፤ መዶሻ ወርዳ ታገኘዋለች፤ ቢላውን ከእጁ ነጥቃ በመዶሻዋ ጣቶቹን አንድ በአንድ ትሰባብርለታለች። እህቴ በዚህ ቦታ ክራንቿን ወለሉ ላይ እየደበደበች «ጎሽ! ጨምሪለት!» አለች። ያን ቀን ኮሪደሩን ሁለት ጊዜ ደጋገመችው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ ውሸት አልተማርኩም። የባልየው ጣቶች ሲያልቁ ታሪኩ አለቀብኝ። አሁን የእኔዋ መዶሻ ጠብ የላትም፣ ፍቅር የላትም፣ ዝም ብላ ፍሬን ትጠግናለች። እህቴ ባለፈው ሳምንት «ይሄ ደራሲ ምን ነካው? ሴትዮዋን ስለ ሞላ ሲያስለፈልፋት ዋለ» አለችኝ። ትናንት ደግሞ የኮሪደሩ መሐል ላይ «ሰለቸኝ» ብላ ተቀመጠች። ያልተራመደችው ግማሽ ኮሪደር የእርስዎ ነው፣ ክቡር ደራሲ። እውነቱን ብነግራት ያን እግር ሁለተኛ እንደማታስረው አውቃለሁ፤ ውሸቱን ብቀጥል ደግሞ በእኔ ስንፍና ምክንያት መራመዷን ታቆማለች። ሁለቱም ያው አልጋ ላይ ይጥሏታል።

ስለዚህ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ቱቦው ተቆረጠ፣ ሞላው ያዘ፣ መኪናው ቆመ፣ መዶሻ ወረደች ብለው ይጻፉልኝና ከዚያ በኋላ የሆነውን እርስዎ እንደሚያውቁበት ይቀጥሉ። ቴክኒኩን በነፃ አርምልዎታለሁ። ይህ ከሆነ ስለ ጎሚስታው፣ ስለ ኤሌክትሪሺያኑ ጥርስና ስለ እኔ አፍንጫ ምንም አላነሳም። ቃልዎን በጽሑፍ፣ በፊርማዎ አስደግፈው እስከ ሰኔ አምስት ቀን ድረስ እንዲያሳውቁኝ እጠይቃለሁ። በስልክ የሚሰጥ ማብራሪያ፣ ስለ ጥበብ ነፃነት የሚደረግ ንግግርና «ገጸ ባሕርይዋ ራሷ ሞትን መረጠች» የሚል መልስ ተቀባይነት የላቸውም።

በብዕርዎ ሥር ገና በሕይወት ላሉት ምስኪን ገጸ ባሕርያት ሁሉ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ለእርስዎም ከዚያው ከሚሰጡት ምሕረት የማያንስ እንዲደርስዎ እየለመንኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የቀድሞ አድናቂዎ፣
የፍሬን ክፍል ኃላፊው

ግልባጭ፦
ለአሳታሚዎ
በፕሬስ ለተጨፈለቀው ቅጂ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ጨርሼ ሳላሽገው ጎሚስታው እህቴን ሊጠይቅ መጣ። ልቡ ቅን ነው፤ አፉ ግን ፍሬን የለውም። ገና ከበር ቆቡን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ፣ እግዜር ያጥናሽ። መዶሻን የመሰለች ሴት!» አላት። እህቴ እኔን አየችኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ቀጥሎ ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ፦ ማንም ሳያነብላት ተነሣች፣ እግሯን አሰረች፣ ክራንቿን ይዛ ኮሪደሩን ጨረሰች፣ ግቢ ወጣች፣ የመሣሪያ ሣጥኔን ከፍታ ትንሿን መዶሻ መረጠች። «አድራሻውን ታውቀዋለህ?» አለችኝ። ከዚያ ጀምሮ ያለ መጽሐፍ ትለማመዳለች፤ ጥርሷን ነክሳ እስከ ግቢው በር ደርሳ ትመለሳለች። ቤትዎ ፎቅ ላይ መሆኑን ነግሬያታለሁ፤ «ደረጃው ለዳሌዬ ጥሩ ነው» ብላለች። መልስዎ በሰኔ አምስት ካልደረሰ በሰኔ ስድስት በርዎ ይንኳኳል። አይደንግጡ። ደረትዎን አንድ ጊዜ ብቻ መታ አድርጋ ድምፁን ታዳምጣለች፤ ሙሉ ከሆኑ ጥርት ብሎ ይመልሳል።