ጎመናችን ጣዕም አጣ

ጌጫ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1973 ዓ.ም.

ሆሳዕና ላሉት ለምወድዎ አባቴ ለአቶ ታፈሰ፣

ጉልበትዎን እየሳምኩ፣ የእናቴ ወገብ እንዴት ሆነላት እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልሰደድኩትም፤ ባዘዘው የሚባለው የቡና መኪና ሾፌር በእጁ ይሰጥዎታል። አንብበው ሲጨርሱ እሳት ውስጥ ይጨምሩት።

ማክሰኞ ዕለት በመሠረተ ትምህርት ክፍሌ «ጣዕም» የሚለውን ቃል አስተማርኩ። «ምላስ የሚለየው ነው» ብዬ ብጀምር እናቶቹ ቃሉን ከአፌ ነጠቁኝ። «የግራዋ ማር ጣዕሙ ይመራል» አለች አንዷ። «የባሌ ወሬ ደግሞ ጭራሽ ጣዕም የለውም!» አለች ሌላዋ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ አምስት ልጅ ብቻቸውን የሚያሳድጉት እትዬ ዘይቱ እጃቸውን አወጡና፣ «የቀበሌው ሱቅ ጨው ካቆመ ወዲህ ጎመናችን ጣዕም አጣ» አሉ። እንከን የሌለው ዓረፍተ ነገር! ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፤ እየተቀባበሉ አነበቡት። እትዬ ዘይቱ ከአፋቸው የወጣውን በዓይናቸው ሲያዩ ቢያዩዋቸው ኖሮ፣ አባባ፣ ለዚህ ነው የተማርሽው ይሉኝ ነበር።

በማግስቱ የቀበሌው ሊቀ መንበር ገሠሠ አስጠራኝ።

«ይህን ያለው ማነው?»

«ጎመኑ።»

«ቀልድሽን ተይ! ‹የአብዮቱ ጣዕም ጣፋጭ ነው› ብለሽ ለምን አላስጻፍሽም?»

«ቀምሰው የሚያውቁትን ነው ያስጻፍኳቸው፣ ጓድ።»

እስከ ዓርቡ ስብሰባ ስም ካላመጣሁ እኔው እንደምጠየቅበት ነገረኝ። ዓርብ ነገ ነው።

እትዬ ዘይቱ ሰምተው እየሮጡ መጡ። «ያልኩትን እኔው ልበለው፣ የኔ ልጅ» አሉ።

«እርስዎ እስር ቤት ከገቡ ልጆቹን ማን ያበላል? እኔ እንደሁ ገና አልወለድኩ» ብዬ መለስኳቸው።

ስለዚህ ነገ ቆሜ «ዓረፍተ ነገሩ የኔ ነው» እላለሁ። «የሰው አገር ነው፣ አንገትሽን ድፊ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ስመረቅም ያሉኝ ይህንኑ ነው። አንገት ተደፍቶ ግን ሰሌዳ ላይ አይጻፍም፣ አባባ።

ለገና እመጣለሁ ብዬ ነበር፤ ለእናቴ መንገዱ በጭቃ ተቆረጠ ይበሉልኝ። መኪናው ቦታ ስላለው መጻሕፍቴንና ቀሚሶቼን ልኬያለሁ፤ ቀሚሶቹን እህቴ ማናልሞሽ ትልበሳቸው። ወፍራሙን ጋቢ ብቻ አስቀርቻለሁ። ወለሉ ይበርዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

እግዜር ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ በጸሎትዎ አይርሱኝ።

ቃሏን የማትመልሰው ልጅዎ፣
የሺሃረግ ታፈሰ