ልያ የተመረቀችበት ግቢ

ጅማ፣ ሐምሌ 1975 ዓ.ም.

ልጄ እንድርያስ፣ እግዚአብሔር በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፤ ከፊትህ ይቅደምልህ። ጤናህ እንዴት ነው? ሹራቡ ለዚያ ብርድ በቃህ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ ክረምት ሲገባ ጉልበቴን ይዞኛል እንጂ። ደብዳቤውን በፖስታ ሳይሆን በእጇ ይዛ የምታደርስልህ ሙሉነሽ ናትና ሳልፈራ ጻፍኩልህ።

እህትህ ልያ በነርስነት ተመረቀች። ለድግሱ ቀበሌ አዳራሹን ሊሰጠን ነበር፤ እኔም ጣሪያው አያፈስም ብዬ ደስ አለኝ። እሷ ግን፣ «እማዬ፣ አባዬ የማይሰማው ድግስ ምን ያደርግልኛል?» አለችኝ። እንደምታውቀው አባትህ ቤታችን ጸሎት ተደረገ ተብሎ ከታሰረ ወዲህ አልተፈታም።

የቡና ነጋዴዋ የወይዘሮ ሶረቲ ግቢ ከእስር ቤቱ አጥር ጋር ይዋሰናል። ሄጄ ብለምናት፣ «ኮቱ፣ ነይ እንጂ፣ ግቢው እኮ ግቢሽ ነው! የማርቆስ ልጅ የኔስ ልጅ አይደለችም ወይ?» ብላ እጄን ይዛ አስገባችኝ። ድንኳኑን አጥሩ ሥር ተከልን። ልያ አባትህ የሚወደውን መዝሙር በወላይትኛ አነሳች፤ እኛም ተቀበልናት። ዘበኞቹ የሠርግ ዘፈን መስሏቸው አጨበጨቡልን።

በማግስቱ ምግብ ሳደርስ አባትህ ፊቱ በርቶ ጠበቀኝ። «የልያን ድምፅ ከሁላችሁም ለየሁት። ጉንፋን ይዟታል መሰለኝ፣ ትኩስ ነገር አጠጫት» አለኝ። እያለቀሰች ስትዘምር እንደነበር አልነገርኩትም።

የኔ ልጅ፣ ጌታ መውጣት መግባትህን ይጠብቅልኝ፤ ለአገርህ ያብቃህ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ድምፅህን በካሴት ቀድተህ ላክልኝ። ሶረቲ ቴፕ አላት፤ አጥሩ ሥር አስቀምጠን ከፍ አድርገን እንከፍተዋለን።

እናትህ ተስፋነሽ