ጠዋት ጠዋት አብሮኝ የሚነቃው ዘፈንሽ

እታፈራሁ፣

ከይመር ነው፤ ሌላ ማን ይጽፍልሻል። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ። ፊደሌ ያለ ቱንቢ እንደተገነባ ግድግዳ ያጋድላል እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። በመሠረተ ትምህርት የለቃቀምኩትን፣ አንቺ አራተኛ ክፍል የደረስሽው እያረምሽልኝ ኖርን። አሁን አራሚ የለኝምና እንደመጣ ተቀበዪው። ልጃችን ብርቱካን፣ ይንገሩኝና እኔ ልጻፈው ብላኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። ለሚስቴ የምለውን በሰው እጅ አልልክም።

ከተለየሽኝ ዓመት ከመንፈቅ ሊሆን ነው። ሙት ዓመትሽን እንደሚገባሽ አወጣን። ካህናቱ ፍትሐትሽን አድርሰው በልተው ጠጥተው ሄዱ። ለሙስሊሙ ጎረቤት ደግሞ ሀጂ እንድሪስ በሬውን በራሱ ግቢ አሳርዶ፣ በራሱ ቤት አበላልኝ። ማንም ቅር ብሎት የሄደ የለም። ይህን መስማት እንደምትፈልጊ ስለማውቅ ነው ያስቀደምኩት።

ቤቱም እንዳለ ነው። የጓሮው የድጋፍ ግንብ በክረምቱ ዝናብ ሆዱን ነፍቶ ነበር፤ አፍርሼ እንደገና ገነባሁት። በዚህ ዕድሜህ ድንጋይ አትሸከም ያለኝን ሁሉ ሂድ ከዚህ ብያለሁ። ፊት ለፊታችን አንዱ ፎቅ አቁሞ ከመስኮትሽ የጦሳ ተራራ አይታይም። ዶሮዎችሽን አንድ በአንድ ጭልፊት ወሰዳቸው፤ አንዷ ብቻ ቀርታ እንደኔ እየተቆጣች ትኖራለች። ብርቱካን አሁንም ኮምቦልቻ ይውረዱና እኛ ጋ ይኑሩ ትለኛለች። ሙቀቱ አይስማማኝም እላታለሁ። አንቺ ግን ሙቀቱ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።

ወረቀት ያስያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ዘፈን አድሮብኝ ነው።

ዓይንሽን ሳትገልጪ ዘፈን ይዞሽ ትነቂ እንደነበር አስታውሺ። አንድ ቀን መዝሙር፣ አንድ ቀን በሬዲዮ የሰማሽው የሳሙና ማስታወቂያ፣ ያዘሽ ማለት እስኪመሽ አይለቅሽም። አንድ ጊዜ በሑዳዴ የጭፈራ ዘፈን ይዞሽ ነቅተሽ፣ እያማተብሽም እየሳቅሽም ዜማው በአፍንጫሽ ሲወጣብሽ ዋለ። ፊትሽን እየታጠብሽ፣ አንተስ ዛሬ በምን ነቃህ ትይኝ ነበር። በወገቤ ሕመም እልሽ ነበር። እውነቴን ነው። ከዚያ በቀር ጠዋት ምንም መጥቶብኝ አያውቅም።

አርባሽ ካለፈ በኋላ ነገሩ ወደ እኔ ዞረ። መጀመሪያ የጎረቤት ሬዲዮ መስሎኝ ነበር። ከዚያ የፎቁ ተከራዮች ናቸው ብዬ ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ፤ በራቸውን ደብድቤ፣ በጠዋት ሰው አይረብሽም ወይ ብዬ ጮህኩባቸው። ልጅቷ ዓይኗን እያሸች፣ ኧረ አባባ፣ መብራት የጠፋው ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ነው አለችኝ። ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ እንግዲያውስ መብራቱ ሲመጣ አስቡበት ብያት ተመለስኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ስል ዘፈኑ እንዳለ አለ። ያኔ ከራሴ ውስጥ እንደሆነ ገባኝ።

ያው የሳሙናው ማስታወቂያ ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ ከሰፈሩ መዋዕለ ሕፃናት የሚሰማው የልጆች ዝማሬ፣ ሌላ ቀን የሀጂ እንድሪስ ቤት መንዙማ። ግን እታፈራሁ፣ ሁሉም በአንቺ ድምፅ ነው። መንዙማው ሳይቀር። እኔ በሕይወቴ ዘፍኜ የማላውቅ ሰው፣ አንቺ የት ቦታ እንደምታስረዝሚ፣ የት እንደምትቆርጪ፣ የት ትንፋሽ እንደምትወስጂ በጆሮዬ እሰማዋለሁ። ከሰው ጋር አንዲት ቃል ከተናገርኩ ግን ይሳሳል፤ ሁለተኛ ከተናገርኩ ይሄዳል። ስለዚህ ጠዋት ሰው አላናግርም። በሰፈራችን በቧንቧ ውሃ፣ ይመር ሰላምታ መመለስ ተወ፣ ኮራ ተብያለሁ። ይበሉ። ስንት ዓመት የኮራሁትን ዛሬ አዩት።

ሳይመጣ የቀረ ጠዋትም ነበር። ያን ቀን ከአልጋ አልወረድኩም። ሞትሽን እንደ አዲስ የተረዳሁት ያን ዕለት ነው ብልሽ አልዋሸሁም።

ከጥቅምት ወዲህ ግን አንዱ ዘፈን ሌሎቹን አስወጥቶ ብቻውን ተቀመጠ። ብርቱካንን የዳርን ጊዜ አንቺ አውጪ ሆነሽ ሴቶቹ የተቀበሉሽ፣ የሙሽራ መሸኛው ነው። እሱን ይዤ እየነቃሁ ሳለ ታች ያለችው ጎረቤታችን ዝናሽ እናቷ አረፉባት። በነጋታው ገና ጎህ ሲቀድ ወደ ለቅሶ ቤቱ ወረድኩ። ከእድሩ ወንዶች ጋር ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቷል፤ አንዱ ያስላል፣ አንዱ መቁጠሪያውን ይቆጥራል። እኔም አንገቴን ደፍቼ አንቺን እሰማለሁ። ቀና ስል ድንኳኑ በሙሉ እኔን ያያል። ለካ ስሰማው የቆየሁትን አፌ እያወጣው ኖሯል። በለቅሶ ቤት፣ አስከሬን በወጣ በማግስቱ፣ ሙሽራ ስሸኝ!

አስረድቼ መውጣት እችል ነበር። ግን ምን ልበላቸው? የሞተች ሚስቴ ጠዋት ጠዋት ትዘፍንልኛለች ልበል? ይህን ከምል ባለጌ ነው ቢሉኝ ይሻላል ብዬ፣ ጋቢዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ባለጌ አላሉኝም፤ የባሰውን አሉኝ። ይመር ሊያገባ ነው አሉ። ምነው ዘፈኑ፣ ምነው ጠዋት ጠዋት ፈገግታው፣ ምነው ጓሮውን አፍርሶ ማሳመሩ፤ ሁሉንም ገጣጥመው ሠርግ አደረጉልኝ። ሀጂ እንድሪስ ራሱ አንድ ከሰዓት መጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና፣ አያ ይመር፣ ለእኔ አይደበቅም አለኝ። ደጋን ከተማ ባሏ የሞተባት፣ ከመንገዱ ዳር ሱቅ ያላት ሴት እንዳለች፣ የእናንተው ክርስቲያን እንደሆነች፣ ጥርሷም ገና ሙሉ እንደሆነ ነገረኝ። የጎደለውን የእኔን ልትሞላልኝ ነው ወይ አልኩት። ሳቀ። ወላሂ እኔ ያንተን ደህንነት ነው የማስበው፣ እሺ ካልክ ሰው እልካለሁ አለ። መልስ አልሰጠሁትም። ደጃፌ ላይ እንደዚያ ተቀምጦ ሚስት ሲመርጥልኝ ንዴት አፌን ይዞት እንጂ ፈቅጄ አልነበረም። እሱ ግን ዝምታዬን እንደ እሺታ ይዞት ሄደ።

ወሬው በምን እግሩ ኮምቦልቻ እንደወረደ እንጃ። ብርቱካን ስልክ መደወል አቆመች። መጀመሪያ ሥራ ቢበዛባት ነው አልኩ፤ በኋላ ገባኝ። እኔስ ደውዬ መጠየቅ አልችልም? እችላለሁ። አልደወልኩም። አባትሽ ነኝ፣ ካላወቅሽኝ ምን ልንገርሽ ብዬ ተኮሳትሬ ተቀመጥኩ። ታውቂኛለሽ።

አንድ ቅዳሜ በሚኒባስ መጣች። ጉንጬን አልሳመችም። ቀጥ ብላ ጓዳ ገብታ የአንቺን ሳጥን ከፈተችና ቀሚሶችሽን እያጠፈች ባመጣችው ሻንጣ ውስጥ ትከት ጀመር። ያን ቡኒውን፣ ያን ለጥምቀት የምትለብሽውን፣ ነጠላዎችሽን ሁሉ። ምን ትሠሪያለሽ አልኳት። የእናቴን ልብስ ባዕድ ሴት ለብሳው እንዳላይ ነው አለች እንጂ ሌላ አልጨመረችም፤ ዓይኔንም አላየችም። ውሸት ነው ማለት አንዲት ቃል ነች። ያቺን ቃል ለማውጣት ጥርሴ አልላቀቅም አለኝ። ልጄ በሰው ወሬ ስትፈርድብኝ እኔ እምላለሁ?

ሻንጣውን ዘግታ ወደ በሩ ስትሄድ ግን ልቤ ከዳኝ። ግትርነቷ የእኔ ነው፣ ከአንቺ አልወሰደችውም፤ በዚያ በር ከወጣች እኔ እስክሞት አትመለስም። ያለን እሷ ብቻ ናት። ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። አፌን ከፈትኩ፣ ነገር የለም። ጠዋት የነቃሁበት ዜማ ብቻ አለ፣ ሳስቶ፣ ሊሄድ ሲል። እሱን ያዝኩት። እታፈራሁ፣ ዘፈንኩ። በሠርጓ ቀን በእኔ ላይ ያወጣሽውን፦

ድንጋይ ጠርቦ ጠርቦ ቤት አቆመልኝ፣
አንዲት ቃል ካፉ ላይ ማን ይጥረብልኝ።

ያን ቀን ሴቶቹ እልል እያሉ ሲቀበሉሽ፣ ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞሮ ሲስቅ፣ የድንኳኑ ምሰሶ የተዛነፈ አስመስዬ ላየው ወጥቼ ነበር። ከውጭ ሆኜ እስከ መጨረሻው ሰምቼዋለሁ። ይህን ነግሬሽ አላውቅም። አሁን በራሴ ድምፅ ሲወጣ ገልባጭ መኪና ጠጠር ሲደፋ ይመስላል። ብርቱካን ግን ሻንጣውን አስቀመጠች። ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለች። 

«አባ፣ ድምጿ ጠፍቶብኛል» አለችኝ።

ከዚያ ተናገረችው። ፎቶሽ በስልኳ ውስጥ ሞልቷል፤ ፊትሽ አልጠፋባትም። ድምፅሽን ግን ከጊዜ በኋላ ልታስበው ብትፈልግ እንቢ አላት። ያለው አንድ የልደት ቪዲዮ ነው፤ እሱም ላይ አንቺ ትሪ ይዘሽ ስታልፊ ነው፣ የምትናገሪውን ሙዚቃው ውጦታል። ደጋግማ ከፍታዋለች። ለማንም አልተናገረችም፣ ምን ዓይነት ልጅ ነች እንዳይሏት። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ያን ድምፅ ጠግቤ እየተነሣሁ፣ ሰው እንዳይወስድብኝ እንደ ስስታም በር ዘግቼ ተቀምጫለሁ።

ሁሉንም ነገርኳት። የተከራዮቹን በር መደብደቤን ስነግራት ሳቀች፤ የለቅሶ ቤቱን ስነግራት ፊቷን በነጠላሽ ሸፈነች። ይድገሙልኝ አለችኝ፤ ደገምኩላት። እዚህ ላይ ታስረዝመው ነበር አልኳት፣ እዚህ ላይ ትንፋሿ ያጥርና ትቆርጠዋለች አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። ቆይታ፣ አይደለም አባ፣ እዚህ ላይ ትስቃለች አለች። እውነቷን ነው፣ ሳቁን እኔ ዘልዬው ነበር። ከቀሚሶችሽ ቡኒውን ብቻ ወሰደች፤ የቀረውን አጥፋ ወደ ሳጥኑ መለሰችው። ሀጂ እንድሪስንም ራሷ ሄዳ አነጋገረችው። ደጋን ያለችው ሴትዮ ለካ የእኔን ስም እንኳ ሰምታ አታውቅም፤ ከሰው ሁሉ ወሬው ያልደረሳት እሷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ከሰው ሁሉ በፊት የማናግረው እሷን ነው። ስልኩ ሲጮህ ደህና አደርሽ አልላትም፤ ቃል ካወጣሁ እንደሚሳሳ ነግሬያታለሁ። በምን እንደነቃሁ በቀጥታ አሰማታለሁ። እኔ እዚህ በደሴ ብርድ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ፣ እሷ እዚያ ልጆቿን ለትምህርት ቤት እያለበሰች። ሌሎቹም ዘፈኖች ተመልሰዋልና፣ የሳሙናውንም፣ የሕፃናቱንም፣ መሸኛውንም። ልጆቹ አያታችን አበደ ወይ ብለዋት ነበር አሉ፤ አሁን እነሱም ዝም ብለው ያዳምጣሉ መሰለኝ፣ ጫጫታቸው አይሰማም።

ዛሬ የጻፍኩልሽ ግን ትናንት ባዶዬን ስለነቃሁ ነው። ጠበቅኩ፤ ዓይኔን መልሼ ጨፍኜ ጠበቅኩ። ፎቁ ላይ ያሉት ሲወርዱ ይሰማኛል፣ አንቺ የለሽም። ስልኩ ጮኸ። አንስቼ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ፤ እሷም ዝም አለች። ትንፋሿን እሰማለሁ፣ ትጠብቃለች። ዛሬ አልመጣችም ልላት ነበር። አላልኩም። ጉሮሮዬን ጠራርጌ ከራሴ ጀመርኩት፣ አንቺ ከምትጀምሪበት፣ ዝቅ ካለው። የመጀመሪያው ስንኝ የእኔ ብቻ ነበር፣ ሻካራ። በሁለተኛው ስንኝ ላይ፣ ሳቁ ያለበት ቦታ ስደርስ፣ ከዚያ ማዶ ብርቱካን ሳቁን ሳቀችልኝ። በአንቺ ሳቅ።

ቃል ሰጥቶ አያውቅም ትይኝ ነበርና ይኸው እሰጥሻለሁ። አንቺ የመጣሽ ቀን ዝም ብዬ እሰማሻለሁ። የቀረሽ ቀን እኔው እጀምረዋለሁ።

ባልሽ ይመር