የካርቲየ አምስት ማኅበር

ይድረስ በሥጋ ለወለድሽኝ፣ በጸሎትሽ ለምትጠብቂኝ እናቴ፤

የገዳሙ ብርድ ጉልበትሽን እንዴት አደረገው? ዓይንሽስ? ዳዊቱን አሁንም እያየሽ ትደግሚያለሽ ወይስ በቃልሽ ሆኗል? እመምኔቷ፣ ማኅበርተኞቹ፣ ያቺ ከአንቺ እጅ ካልሆነ ጨው አልልስም የምትለው ላም ሳትቀር ሁሉም ሰላም ናቸው? እኔ ከሙቀቱ በቀር ምንም አልሆንኩ፤ ጤናዬም ልቤም ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ልጅ ሆኜ ከአክስቴ ጋር ልጠይቅሽ የመጣሁ ጊዜ፣ በገዳሙ በር ላይ «እማዬ!» ብዬ ብጮህ አንዲት አሮጊት መነኩሴ፣ «እማሆይ በያት ልጄ፤ እዚህ የአንድ ሰው ብቻ እናት የለችም» ብለው ገሠጹኝ። ያን ቀን እንዴት እንደተቀየምኩ ታውቂያለሽ። የቋጠርሽልኝን ቆሎ ሳልቀምሰው መንገድ ላይ በተንኩት። በወረቀት ላይ የሚገሥጸኝ የለምና ዛሬ እማዬ እልሻለሁ።

ባለፈው የላክሽብኝ መልእክት አሳዝኖኛል። ለንግሥ የመጡ ሰዎች ነግረውሽ ነው መሰለኝ፣ «ልጄ በሰው አገር ሥርዓት ከሌላቸው ሴቶች ጋር ተከማችታ ትኖራለች አሉ» ብለሻል። ሴቶች መሆናችን እውነት ነው። መከማቸታችንም እውነት ነው፤ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነፍስ ግቢው ውስጥ ተደርድረን ነው የምንተኛው። ሥርዓት የላቸውም ያለሽ ሰው ግን ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ ሁሉንም እነግርሻለሁ፣ የምነግርሽም አንገቴን ደፍቼ አይደለም።

ቤታችንን ያቆሙት እማሆይ ጥሩሰው ናቸው። በወጣትነታቸው የባቡር ሠራተኛ ባላቸውን ተከትለው ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ መጡ። ባላቸው ሲሞት ዘመድ ሁሉ ተመለሺ ቢላቸው፣ «ባሌን የቀበርኩበት አገሬ ነው» ብለው ቆብ ጭነው እዚሁ ካርቲየ 5 ቀሩ። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የእንጨት ቤት ነው፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ግቢው ውስጥ አንድ የኒም ዛፍ። በመጀመሪያ አሠሪዎቿ በሕመሟ ያባረሯትን አንዲት ልጅ አስጠጉ። ልጅቷ ስትድን ሌላ የታመመች ይዛ መጣች። እንዲያ እንዲያ እያለ ማኅበር ሆነ።

ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን ውዳሴ ማርያም እንደግማለን። ከዚያ አብዛኞቻችን ወደ ሀራሙስ፣ ወደ ባለ ቪላዎቹ ቤት ለልብስ አጠባና ለሞግዚትነት እንሄዳለን፤ ሌሎቹ ካርቲየ 4 ገበያው ውስጥ ምግብ ቤት ይሠራሉ። የምናገኘው ሁሉ የጋራ ነው። ከአንድ ድስት እንበላለን፣ የታመመችውን በተራ እናስታምማለን። እማሆይ፣ «በዚህ ግቢ ‹የኔ› ማለት የሚፈቀደው ለጥርስ መፋቂያ ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። እኔም እንደ ብዙዎቹ ወደ ዐረብ አገር ባሕር ልሻገር መጥቼ፣ ወባ ጥሎኝ ነው እዚያ ደጅ የደረስኩት። ከዳንኩ በኋላ ባሕሩን ረሳሁት። እማሆይም የኩሽናውን ቁልፍ ሰጡኝ።

አሁን ያለፈው ክረምት የሆነውን ስሚ። እናንተ ዘንድ ዝናብ ሲዘንብ እኛ ጋ ቆርቆሮው የሚግልበት ወራት ነው። ከአገር ቤት ወደቡ ድረስ በከባድ መኪና የሚመላለስ ጀንበሬ የሚባል ወንድማችን አለ፤ በርበሬና ሽሮ ያመጣልናል። አንድ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዱ በርበሬ ይዞ የመጣ መስሎኝ በሩን ብከፍት፣ አንዲት ልጅ ደግፎ ቆሟል። ሆዷ ገፍቷል፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ሙንተሃ ትባላለች፣ የወሎ ልጅ ናት። ከባሏ ከዘይድ ጋር ኦቦክ ከሚባለው የባሕር ዳርቻ በሌሊት ጀልባ ተሳፍረው ነበር። ጀልባዋ ተገለበጠች፤ እሷን ዓሣ አጥማጆች አወጧት፣ ዘይድን ባሕሩ አስቀረው። ደላላው የተረፉትን ሰብስቦ እንደገና ሊያሻግራቸው ሲል ሸሽታ፣ ከከተማው ዳር መኪኖቹ በሚቆሙበት ቦታ ጎማ ሥር ተደብቃ ነው ጀንበሬ ያገኛት። ደጃችን ቆማ የተናገረችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፣ «የአላህ እንግዳ ነኝ»።

ግቢው ለሁለት ተከፈለ። መዓዛ የምትባል እህት አለችን፤ ከሁላችን ዳዊት የምታውቅ፣ በጾም ውሃ እንኳ የምትመጥን ሴት ናት። «ይህ የጸሎት ቤት ነው» አለች። «ልጅቷን አልጠላኋትም። ግን የት ትሰግዳለች? በፍልሰታ ጾም ምን ልትበላ ነው? ደላላውስ ተከትሏት ቢመጣ ወረቀት የሌላቸውን እህቶቻችንን ማን ያድናቸዋል?» ያለችው ሁሉ ሐሰት አልነበረም። እማሆይ ጥሩሰው ያን ጊዜ ታመው ኒሙ ሥር አልጋ ይዘው ነበር። ሄጄ ምን እናድርግ ብላቸው፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «እኔ የተጠየቅሁትን መልሼ ጨርሻለሁ። አሁን የተጠየቅሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ተመለስኩ። ሴቶቹ አሁንም ይከራከራሉ፣ ልጅቷ አሁንም ቆማለች። «መጀመሪያ ትቀመጥ» አልኩ፣ «እያረፈች እንከራከራለን»። ከተቀመጠች በኋላ ተነሺ ለማለት ማን አፍ ነበረው?

ቆየች። እኛ ወደ ምሥራቅ ስንቆም እሷ ወደ ሰሜን ትሰግዳለች። በአንድ ግቢ፣ ጀርባ ለጀርባም ሳንሆን ፊት ለፊትም ሳንሆን፣ ሁላችንም ወደየአቅጣጫችን። መዓዛ ሳምንቱን ሙሉ ከእኔ ራቅ ብላ ቆማ ጸለየች።

ከዚያ የተፈራው መጣ። ደላላው ጫላቸው ይባላል፣ የአገራችን ሰው ነው። የነጣ ሸሚዝ ለብሶ፣ ጉንጩን በጫት ወጥሮ፣ ሁለት ጎረምሶች አስከትሎ በጠራራ ፀሐይ በራችንን አንኳኳ። አንደበቱ የለዘበ ነው። «እህቴን ሙንተሃን ልወስዳት ነው፤ ወንድሞቿ ሳዑዲ ሆነው ይጠብቋታል» አለኝ። ሙንተሃ ከውስጥ፣ «ወንድም የለኝም!» ብላ ጮኸች። አትሄድም አልኩት። ያን ጊዜ ልዝብነቱ ጠፋ። «ስንቶቻችሁ ወረቀት አላችሁ? አንድ ስልክ ብደውል ይህ ቤት ይበተናል» አለ።

እማዬ፣ ወረቀት ከሌላቸው አንዷ እኔ ነበርኩ። ግን መንገዱን ዘግቼ የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጥኩና፣ «ደውል» አልኩት። «ስትደውል ስምህንም ንገራቸው። እኔ ደግሞ በጀልባህ የሞቱትን ስም እነግራቸዋለሁ።»

ከጎኔ አንድ ሰው ተቀመጠ። ዞር ብል መዓዛ ናት፣ ዳዊቷን ጭኗ ላይ ዘርግታለች። ከዚያ ሌላዋ መጣች፣ ሌላዋ፣ ሁሉም። ወረቀት ያላትም የሌላትም ደጁ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ሰውዬው ሊገባ ቢፈልግ በሴቶች ላይ መራመድ ነበረበት።

ጎረቤታችን ማይሙና ላሆህ የሚሉትን ስስ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሶማሌ ናት። ጩኸቱን ሰምታ ጭልፋዋን እንደያዘች ወጣች። በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «እነዚህ ሀበሾች ልጆቼ ናቸው! እኔ ስታመም ገላዬን ያጠበኝ ማነው? አንተ ነህ?» ብላ ተቆጣች። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ተሰበሰበ። በመጨረሻ የሰፈሩ ሽማግሌ ሙሚን በሽርጣቸው መጡ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ሰውዬውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። በረጋ ዐረብኛ፣ «በዚህ ሰፈር የማን እንግዳ ነህ?» አሉት። ጎረምሶቹን አስከትሎ ሄደ።

ስልኩን ግን ደወለ። በማግስቱ ፖሊሶች መጡ። ክፉዎች አልነበሩም፣ ሥራቸውን ነው የሠሩት። ወረቀት የሌለን እንድንከተላቸው ጠየቁን። ልንወጣ ስንል እማሆይ ከአልጋቸው ጠሩኝና፣ «ነጠላሽን አስተካክዪ፤ ቀና ብለሽ ሂጂ» አሉኝ። ቀና ብዬ ሄድኩ። ይህን የምጽፍልሽ አፍሬ አይደለም፤ ልጅሽ ጣቢያ አድራለች። እዚያም የሠርክ ጸሎታችንን አላስታጎልንም። ከእኛ ጋር የነበረች አንዲት የአፋር ሴት ቋንቋችንን ባትሰማም ዜማውን ወደደችው፣ በእጇ ምልክት ድገሙት አለችን፤ ደገምንላት። ስለ ጫላቸው ሲጠይቁኝም ሙንተሃ የነገረችኝን የሟቾቹን ስም አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው በሰፈራችን አልታየም፤ ይፈለጋል ይላሉ።

በማግስቱ ሙሚን የሰፈሩን ሽማግሌዎች አስከትለው መጥተው ዋስ ሆኑን። ወረቀታችንን እስክናስተካክል ተፈቀደልን። ወደ ቤት ስንመለስ ገና ከመንገዱ ማዶ የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ። እኛ በሌለንበት ሙንተሃ ምጥ መጥቶባት፣ መዓዛና ማይሙና ናቸው ያዋለዷት። አንዷ ማርያም ማርያም ትላለች፣ አንዷ ቢስሚላህ ትላለች አሉ። ሴት ልጅ ናት። መዓዛ እጅጌዋን እንደጠቀለለች በሩ ላይ ተቀበለችኝ። «አሁንም ሳናማክር ማስገባትሽ ልክ አልነበረም» አለችኝ። እየሳቅሁ ላቅፋት ስል ደግሞ፣ «ቀስ በይ፣ ልጅቷ ተኝታለች» ብላ ተቆጣችኝ። ከእኛ የአንዷን ስም ታወጣላታለች ብለን ስንጠብቅ ሙንተሃ ማይሙና አለቻት። ትልቋ ማይሙና ከዚያ ቀን ጀምሮ ኩራቷ አይቻልም። ዛሬ ሙንተሃ ከእሷ ጋር ላሆህ ትጋግራለች፤ ባሕሩን ስትሰማ ግን አሁንም ፊቷን ታዞራለች።

እማሆይ ጥሩሰው ሕፃኗን አቅፈው መርቀዋት፣ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ሲቀበሩ የሰፈሩ እስላም ሁሉ ከኋላችን ቆመ። ሬሳቸውን የተሸከመው ጀንበሬ፣ «ቤተ ዘመድ የሌላቸው መስለውኝ ነበር» ብሎ አለቀሰ።

ከዚያ እህቶች በእማሆይ ቦታ ማን ትተካ ብለው ተሰብስበው መከሩ። እኔ መዓዛን ጠቆምኩ፤ መዓዛ ተነሥታ፣ «ዳዊት የሚያውቅ ሞልቷል። በር ላይ የተቀመጠችውን ነው የምንፈልገው» አለች። ለጾሙ ከአገር ቤት የመጡ አንድ መነኩሴ አባት ነበሩ። ነገሬን ሁሉ ሰምተው፣ «የኩሽናው ዘመን የምንኩስና አመክሮ ሆኖ ይቆጠርልሻል» አሉኝ። አንድ እሑድ ፍትሐት ተነበበ፤ እህቶች አለቀሱ፣ የሞተ ሰው ግን አልነበረም። አንቺ ይገባሻል። ፀጉሬ እንዴት ነው ብለሽ ትጠይቂ ነበር፤ ከእንግዲህ አትጠይቂ። ለዚህ ደብዳቤ ስትመልሺም በድሮ ስሜ አትጻፊልኝ፤ ይህን የሚያደርስልሽ ጀንበሬ አዲሱን ይነግርሻል።

እማዬ፣ ብዙ ዘመን ተቀይሜሽ ኖሬያለሁ። ሌሎች እማሆይ እያሉ እጅሽን ሲስሙ እኔ በአክስቴ ቤት ትኩሳት ይዞኝ ስጠራሽ አድሬያለሁ። ትክክል ነበርሽ አልልሽም፣ አላውቅም። አሁን ግን ማታ ማታ ልጆቹ ከሥራ ሲመለሱ፣ አንዷ ስትዘገይ በሩን ዐሥሬ ከፍቼ እመለከታለሁ። አንዷ ስታለቅስ እንቅልፌ ይሄዳል። አንቺም እንዲሁ በሩን እየከፈትሽ ወደ መንገዱ ታዪ ኖሮ እንደሆነ አሰብኩ። አስቤም አልተቀየምኩም።

የሰው ወሬ ይቅርብሽ። ደጃችን የታወቀ ነው፣ ስማችን የተከበረ ነው፤ ካርቲየ 5 ገብቶ የሀበሾቹ ጸሎት ቤት የት ነው ያለ ሁሉ ሕፃን እየመራ ያደርሰዋል። ይህንን ለእመምኔቷ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላት።

የገዳሙ ታቦት ዕድሜሽን ያርዝመው። ጉልበትሽን ለስግደት፣ ዓይንሽን ለዳዊት ያቆይልሽ። ባሕር ላይ ያሉትን፣ ባሕር የበላውን ዘይድንም በጸሎትሽ አትርሺ፤ ሙንተሃ አደራ ብላሻለች። እኔንም ለዚህ ሸክም ትከሻ ይስጠኝ በዪ።

የማህፀንሽ ልጅ፣ የቆብሽ እህት።

ከጅቡቲ፣ ካርቲየ 5